ለምርጫ ለቀረበችው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ካለፈው ሳምንት ተሽሏታል።

በአንድ ከተማ እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምሽ አይቀርም። ነገር ግን ቅስቀሳው ከተጀመረ ወዲህ ቤታችን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ስለማይለየው፣ አንቺም የምትገቢው ደክሞሽ ስለሆነ፣ ያሰብኩትን ከዳር እስከ ዳር የምነግርበት ጊዜ አላገኘሁም። ባለፈው እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ስትናገሪ ከኋላ ተቀምጬ ሰምቼሻለሁ። እጄን አንሥቼ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር፤ ሰው አባትና ልጅ ተመካክረው መጡ እንዳይል ብዬ ተውኩት። ያን ቀን ሳልጠይቅሽ የቀረሁትን አሁን እጽፍልሻለሁ።

ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ተነሥተው ስለ ሰፈራቸው መንገድ መናገራቸውን ታስታውሻለሽ። ክረምት በገባ ቁጥር ባጃጅ እንኳ እንደማይደፍረው፣ ባለፈው ነሐሴ አንድ ጎረቤታቸው ታምመው በወንበር ላይ አስቀምጠው እስከ አስፋልቱ ድረስ ለአራት ተሸክመው እንዳወጧቸው ሲናገሩ አዳራሹ ጸጥ አለ። አንቺም ቶሎ ብለሽ፣ ከተመረጥሽ ኮብልስቶኑን እንደምታስነጥፊላቸው ተናገርሽ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ከፋኝ። ልጄ፣ የሰፈር መንገድ የከተማው አስተዳደርና የክልሉ ሥራ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ድንጋይ የምታስነጥፍበት በጀት በእጇ የለም፤ ከ547 ወንበሮች በአንዱ ተቀምጣ ሕግ ታወጣለች፣ የፌዴራሉን በጀት ታጸድቃለች፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሚኒስትሮቹን ጠርቶ በሚጠይቀው ምክር ቤት ውስጥ ድምፅዋን ታሰማለች። እኒያ እናት በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ጭቃ ሲረግጡ የሚያስታውሱት የአንቺን ቃል ነው። ጥያቄያቸው ለየትኛው ጽሕፈት ቤት መቅረብ እንዳለበት ነግረሻቸው፣ አብረሻቸው ሄደሽ ለማመልከት ቃል ብትገቢ ኖሮ፣ ጭብጨባው ቢያንስም እውነት ይሆን ነበር።

ይህን ያነሣሁት ለነቀፋ አይደለም። ይልቁንም ያልሆነውን ሥልጣን የራስሽ አድርገሽ ስታበቂ፣ በእርግጥ የራስሽ የሚሆነውን ሳትነኪ ማለፍሽ ስለቆጨኝ ነው። ስለ ጣና የተናገርሽው ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ የሀገር ቅርስ መሆኑንና ልንጠብቀው እንደሚገባ። ይህንማ ከአንቺ በፊት የተናገሩት ሁለት ሰዎችም ብለውታል።

እኔ ለሃያ ስድስት ዓመት የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መዝገብ ያዥ ሆኜ በሐይቁ ዳር መዋሌን ታውቂያለሽ። በየጠዋቱ ጀልባውና ታንኳው ሲመጣ ቆሮሶውን ለብቻ፣ አምባዛውን ለብቻ፣ ነጩን ዓሣ ለብቻ አስመዝኜ እጽፍ ነበር። አንቺም ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ቁጥሩን ትደምሪልኝ ነበር። ነጩ ዓሣ የተጻፈበት ዓምድ እየሳሳ መሄዱን ያየሁት ከዚያ መዝገብ ላይ ነው። ምክንያቱን አስጋሪዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። ይህ ዓሣ ክረምቱ ሲጋመስ ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣል፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። መረቡም እንደ ድሮው በእጅ የተሠራ ሳይሆን፣ ውኃ ውስጥ የማይታይና ተቆርጦ ቢቀር እንኳ የማይበሰብስ ስስ የላስቲክ ክር ነው። ከነጩ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም፤ ከዚህ ከጠፉ ጠፉ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ጉዳይ የአንቺ ነው የምልሽ በባዶ አይደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው እጩ ሆነሽ ከቀረብሽበት ምክር ቤት ነው። አዋጁ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እነዚያ መረቦች ከየት እንደሚገቡ፣ ዓሣው ዕንቁላል በሚጥልበት ወቅት አስጋሪው ማስገሩን ቢያቆም ልጆቹን በምን እንደሚያበላ፣ የሚመለከተውን ሚኒስትር አስጠርተሽ ልትጠይቂ ትችያለሽ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ከልካይ ብቻ ሆኖ የመጣን ሹም አስጋሪው ሌሊት ያልፈዋል፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው።

የእንቦጭ አረምም ነገር እንዲሁ ነው። ሐይቁ ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜን በኩል ከታየ ጀምሮ ስንት ዘመቻ እንደተጠራለት አንቺም ምስክር ነሽ፤ በ2010 ዓ.ም. ከጓደኞችሽ ጋር ሄደሽ እስከ ወገብሽ ውኃ ገብተሽ ነቅለሻል። ማታ ስትመለሺ ሥሩ ላይ የነበረው ጥቁር ጭቃ ከጥፍርሽ ውስጥ አልወጣ ብሎሽ እናትሽ በሎሚ ስታሽልሽ ነበር። ያ ጥቁር ጭቃ ከሐይቁ የተፈጠረ አይደለም። ከላይ ከደጋው ማሳ በጎርፍ ተጠርጎ፣ ከማዳበሪያው ጋር በመገጭ፣ በርብና በጉማራ በኩል የገባ አፈር ነው፤ እንቦጩ የሚወፍረውም እሱን እየበላ ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፣ ዘንድሮ ተነቅሎ ዳር ላይ ቢከመርም ውኃው ሲመለስ አብሮ ይመለሳል። ከዚህም በላይ በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ገበሬው ባሕር ሸሹን እየተከተለ ያርሳል፤ ደለሉን ያጣራ የነበረው ደንገልም በዚያው ይመነጠራል። ስለዚህ የጣና ጉዳይ የተራራ እርከን ጉዳይም ነው፣ የከተማችን ፍሳሽ ጉዳይም ነው፣ በ1988 ዓ.ም. ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጫራ ጫራ ላይ ግድብ ከተሠራ ወዲህና ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም ውኃው በዋሻ ወደ ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ መውረድ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ ውኃው በምን ያህል ከፍታ ይያዝ የሚለው የመብራት ጉዳይም ነው።

የሰፈርና የሀገር ጉዳይ እያልሽ በንግግርሽ ውስጥ ለሁለት የከፈልሽውም እዚህ ላይ አልሆነልሽም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ክልል አቋርጠው የሚሄዱትን ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀም የሚወስነውና የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ መንግሥት ነው ይላል። ዐባይ ከጣና ወጥቶ በድልድያችን ሥር አልፎ ይሄዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጎዳናው በደስታ እንደተሞላ አንቺም በንግግርሽ አንሥተሻል፤ ደግ አድርገሻል፤ እኔም ከደመወዜ ቦንድ የገዛሁበትን ወረቀት እስከ ዛሬ በሣጥኔ ይዤዋለሁ። ነገር ግን ታች ባለው ግድብ የተደሰተ እጩ፣ ላይ ያለው ምንጭ እንዴት እንደሚጠበቅና ለዚህ ከፌዴራሉ በጀት ምን እንደሚመደብ መናገር ይገባዋል። በጀቱ በየዓመቱ ሐምሌ ሳይብት የሚጸድቀው በአንቺ ምክር ቤት ነውና።

አሁን ደግሞ ልጽፈው ወደከበደኝ ልግባ። ስለ ሰላም አንድ ወጣት ሲጠይቅሽ፣ ሰላም ለሁሉም አስፈላጊ ነው ብለሽ አለፍሽው። ፈርተሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ አባትሽ ነኝና እኔም እፈራልሻለሁ። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው መካከል ልጁ ከትምህርት ገበታ የቀረበት፣ ወደ ጎንደር የወጣ ዘመዱ እስኪገባ ድረስ ስልኩን ከእጁ የማይለይ፣ ሐዘን የተቀመጠ ሰው ነበረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያጸድቀው ያዝዛል፤ ሲራዘምም እንደዚሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ለክልላችን የታወጀው አዋጅ በዚያ ምክር ቤት ጸድቋል፣ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይም ተራዝሟል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ተመልሶ ቢመጣ አንቺ እጅሽን ታነሺያለሽ ወይስ አታነሺም? ከማንሣትሽ በፊትስ ምን ትጠይቂያለሽ? ስለታሰሩት ሰዎች፣ ስለተዘጉት ትምህርት ቤቶች፣ ስለ ድርድር ምን ትያለሽ? ወጣቱ የጠየቀሽ ይህን ነበር። ሁሉንም የሚያስደስት መልስ እንደሌለ አውቃለሁ። አንቺ የምታምኚበትን ከተናገርሽ ግን፣ የማይስማማውም ሰው ለማን ድምፅ እንደከለከለ ያውቃል።

ስለ ኑሮ ውድነት የተናገርሽው ከሁሉም ይሻላል፤ የማዳበሪያው ግዥ በማዕከል የሚፈጸም መሆኑን ጠቅሰሽ፣ በሰዓቱ ካልደረሰ የፎገራ ሩዝ አምራችም ሆነ የሜጫ በቆሎ አምራች ወቅቱ እንደሚያልፈው ማስረዳትሽን ከጎኔ የተቀመጡት ገበሬ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳምጠውታል። እንዲያ እያልሽ ቀጥዪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያቀረበሽ ፓርቲ የራሱ አቋም እንዳለው፣ በመድረክ ላይ ከእሱ መውጣት እንደማይቀልልሽ አይጠፋኝም። ሆኖም አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ገልጾ፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሕገ መንግሥቱ የታተመባትን ትንሿን መጽሐፍ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፤ ገጹን አጥፌዋለሁ።

ቅዳሜ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር እንደምትገናኚ ሰምቻለሁ። በአራት ሰዓት መባሉ ግን ልክ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ዓሣው ተሽጦ ሁሉም ወደየቤቱ ሄዷል። ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ድረሺ፤ ታንኳው ሲገባ ያን ጊዜ ነው። ንግግር አታዘጋጂ፤ ሚዛኑ አጠገብ ቁሚና ጠይቂያቸው። የድሮዎቹን መዝገቦች እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ የነጩን ዓሣ ዓምድ እንደ ልጅነትሽ አንቺው ትደምሪዋለሽ። ሌሊቱ ስለሚበርድ ጋቢሽን እንዳትረሺ ብላለች እናትሽ።

የሚወድሽ አባትሽ
ከባሕር ዳር