ሁለት ዓይነት ምድጃ፣ አንድ ዓይነት ጎማ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለካምፕ ምድጃና ቡታጋዝ አቅራቢ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ከካምፕ ምድጃ ጋር የሚሸጠው የጋዝ ጎማ እንዲቀየርና የአጠቃቀም ወረቀቱ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ድርጅታችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ አብሳዮችና ዕቃ አከራዮች ሁለት ዓይነት ምድጃ ይሸጣል። አንደኛው ባለ ሁለት ማንደጃ ሆኖ 465 ግራም ፕሮፔን በሚይዘው፣ ሲያልቅ በሚጣለው ትንሽ ቆርቆሮ እንዲሠራ የተበጀ ነው፤ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር ከምድጃው ጋር ይመጣል። ሁለተኛው የቤት ምድጃ ወገን ነው። ሬጉሌተር የለውም፣ የሚነደውም በ30 ሚሊባር ግፊት ነው። ሁለቱንም በሚሞላው የ6 ኪሎ ሲሊንደር መጠቀም ይቻላል፤ ችግሩ እዚያ ላይ አይደለም። ችግሩ ለሁለቱም የምትሰጡት ጎማ አንድ መሆኑ ነው፤ ጫፉ ላይ የቤት ሬጉሌተር የታሰረበት፣ በፋሼታ (በብረት ማጥበቂያ) የተያዘ ለስላሳ ጎማ።

የራሱ ሬጉሌተር ያለው ምድጃ የሲሊንደሩን ሙሉ ግፊት ይፈልጋል። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሊንደር ውስጥ ከ7 ባር (ከ7,000 ሚሊባር) በላይ ይገፋል። የቤት ሬጉሌተር ይህንን ከ200 እጥፍ በላይ አሳንሶ 30 ሚሊባር ካደረገው በኋላ፣ የምድጃው ሬጉሌተር ከዚያው ላይ እንደገና ሊቀንስ ይሞክራል። የሚወጣው እሳት ሻማ ነው። በሰሜን ተራሮች፣ ግጭ ካምፕ፣ ወደ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስር እንኳ በደህና እሳት ጊዜውን ይወስዳል፤ በዚህ እሳት ጨርሶ አይታሰብም።

ይህ ብቻ ቢሆን ሥራ ማስተጓጎል ብለን እናልፈው ነበር። «እሳቱ ደከመ» ለሚል ደንበኛ የሽያጭ ሠራተኞቻችሁ የሚሰጡት መልስ ግን «ሬጉሌተሩን አውጡና ጎማውን በቀጥታ ግጠሙት» የሚል ነው። ያ ጎማ የተሠራው ለሚሊባር ነው። 7 ባር ሲገባበት መጀመሪያ ያብጣል፣ ቀጥሎ ከፋሼታው ተስቦ ይወጣል፤ የሚወጣውም ከሚነድ ማንደጃ አጠገብ ነው። ምክሩን የሰማው የሁለተኛው ዓይነት ምድጃ ባለቤት ከሆነ ደግሞ ጎማው ቢችለው እንኳ ምድጃው ግፊቱን የሚቀንስበት ነገር ስለሌለው እሳቱ ከድስቱ በላይ ይዘላል።

ለመጀመሪያው ምድጃ የሚገባው ጎማ ሌላ ነው። ሬጉሌተር የለበትም፤ 24 ባር እንደሚችል ላዩ ላይ ተጽፎበታል፤ ሁለቱም ጫፎቹ ፋብሪካ ውስጥ የተጨመቁ ስለሆኑ ፋሼታ አያስፈልገውም። በሲሊንደሩ በኩል ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ የናስ መጋጠሚያ አለው። በምድጃው በኩል ያለው ጫፍ የትንሹ ቆርቆሮ አንገት አምሳያ ነው፤ 1 ኢንች ስፋት፣ በኢንች 20 ጥርስ። ምድጃው ቆርቆሮው የመጣ ይመስለዋል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

የአጠቃቀም ወረቀቱም ከጎማው አይሻልም። «በሁሉም መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን ይጠቅለል» ይላል። የሲሊንደሩ መጋጠሚያ የሚታሸገው ናስ በናስ ላይ ሲቀመጥ እንጂ በጥርሱ አይደለም፤ ቴፍሎኑ ተጣሞ የገባውን ጥርስ ከመሸፈን፣ ቁራጩም ገብቶ የምድጃውን ቀዳዳ ከመድፈን ውጭ የሚሠራው ሥራ የለም። በምድጃው በኩል የሚያሽገው የላስቲክ ቀለበት ነው፤ በእጅ ይጠብቃል። ፒንሳ ካረፈበት ቀለበቱ ይቆረጣል። በሲሊንደሩ በኩል ያለውን ግን ጥርሱ እንዳይበላ በእጅ አስጀምሮ በቁልፍ ማጥበቅ ይገባል፤ ወደ ግራ መሆኑን ግን ወረቀቱ አንድም ቦታ አይናገርም። ብዙ ሰው ወደ ቀኝ ሲታገል ጥርሱን የሚጨርሰው በዚህ ነው።

«ቫልቩን በአንዴ እስከ መጨረሻው ክፈቱ» የሚለውም ስህተት ነው። በሲሊንደሩ በኩል ባለው ናስ ውስጥ ጋዝ ከልክ በላይ ሲሮጥ መንገዱን የሚዘጋ ትንሽ ኳስ አለ። ጎማው ባዶ እያለ ቫልቩ በድንገት ከተከፈተ ኳሱ ይዘጋል፣ እሳቱም ይደክማል። በዚህ ምክንያት «ተበላሸ» ተብለው የተመለሱላችሁ ዕቃዎች ውስጥ ደህናዎቹ ጥቂት አይመስሉንም። ሁሉንም ዘግቶ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ የምድጃው ቁልፎች እንደተዘጉ ቫልቩን ቀስ ብሎ መክፈት ይበቃዋል። ከዚያ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ ከተነሳ ተዘግቶ እንደገና ይገጠማል። በክብሪት መፈተሽ አይታሰብም። ሲጠፋም መጀመሪያ ሲሊንደሩ ይዘጋል፣ ጎማው ውስጥ የቀረው ነዶ ያልቃል፣ የምድጃው ቁልፍ የሚዘጋው በመጨረሻ ነው። ወረቀታችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

በወረቀቱ ላይ ሲሊንደር በበቅሎ ጎን ተጋድሞ ታስሮ የሚያሳየው ሥዕል በአስቸኳይ ይነሳልን። ሲሊንደር ሲጫንም ሲሠራም ቆሞ ነው። ሲጋደም የደህንነት ቫልቩ ከፈሳሹ በታች ይውላል፤ እንደተጋደመ ከተከፈተ ደግሞ ፈሳሹ ራሱ ጎማው ውስጥ ይገባል። ፈሳሽ ፕሮፔን ወደ ጋዝ ሲለወጥ ወደ 270 እጥፍ ይሰፋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድም ድንኳን ውስጥ ከፈሰሰ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ሽታው አፍንጫ ጋ ሳይደርስ ክብሪት ሊቀድመው ይችላል።

ስለ ሚዛን አንድ ነገር እንጨምር። የባዶው ሲሊንደር ክብደት አንገቱ ላይ ተመትቶ ነበር፤ አዲስ ቀለም ስትቀቡ ግን ስለተደፈነ 6 ኪሎ መሞላቱን ገዢው ማረጋገጥ አይችልም። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሲሊንደር ከይዘቱ ከ80 በመቶ በላይ በፈሳሽ ከተሞላ፣ ፀሐይ ሲመታው ፈሳሹ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል።

ስለሆነም፦ ለመጀመሪያው ዓይነት ምድጃ ገዢዎች የተሰጠው ጎማ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በትክክለኛው እንዲቀየር፤ ሁለቱ ጎማዎች እንዳይደባለቁ የየትኛው ምድጃ እንደሆኑ በአማርኛ ተጽፎ እንዲለጠፍባቸው፤ ወረቀቱ ተሰብስቦ እንዲታረም፤ ሲሊንደር ሲሰጥ በገዢው ፊት እንዲመዘን እንጠይቃለን። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብቱ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተደነገገ ነው። «ሬጉሌተሩን አውጡ» የሚለው ምክር ግን ጎማ እስኪመጣ ሊቆይ ስለማይችል ዛሬውኑ እንዲቆም ለሠራተኞቻችሁ ይነገርልን። ለቀረው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የካምፕ ዕቃ አዘጋጆችና አብሳዮች፣ ጎንደር

አባሪ፦ የጎማው፣ የአጠቃቀም ወረቀቱና ቀለም የተቀባው የሲሊንደር አንገት ፎቶግራፍ