ለአባባ፣ ከባሕር ዳር

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። የዓይንዎ ሞራ ሐሙስ እንደሚገፈፍ እህቴ ነገረችኝ። ይህንንም የምታነብልዎ እርሷ ናትና ለሁለታችሁ እንደጻፍኩት ይቁጠሩት።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ዘንድሮ ፖሊ ቴክኒክ ገብታለች፤ ሩሲያውያን ሲገነቡት አየሁ የሚሉት ግቢ ውስጥ ማለት ነው። ትንሹ ስልኩ ላይ ተተክሎ ይውላል። ለፋሲካ በረንዳው ላይ አስቀምጦ የቀረጸዎትን አሳየኝ። «መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቆራጥ ነበር፤ ሌባ አልነበረም። እንዲህ ያለ መሪ ከወዴት ይመጣል?» ይላሉ። ከሥሩ የሰልፍ ማርሽ ጨምሮበት ለሕዝብ ለቆታል፤ የማላውቀው ሰው ሁሉ «እውነትዎን ነው አባታችን» እያለ ጽፎለታል። እኔ ማድ ቤት ገብቼ ለወጥ የማያስፈልግ ሽንኩርት ስከትፍ ቆየሁ።

አባባ፣ ልወቅስዎ አልጻፍኩም ብል እዋሻለሁ።

በ1967 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ማታ በቴሌቪዥን የታየውን የወሎ ረኃብ ፊልም ስንት ጊዜ ተረኩልን! የጃንሆይ ውሾች ሥጋ ሲጎርሱ፣ ኬኩ ሲቆረስ፣ ሁሉንም አየሁ ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ የት እንዳዩት ስትጠይቅዎ «አገር ያየውን አላየሁም ልበል?» ብለው ይቆጧት ነበር። ረኃቡስ እውነት ነው፤ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ድረስ ሄዶ የቀረጸው ነው። ደርግ ግን የቤተ መንግሥቱን ግብዣ በመሀል በመሀሉ እየሰካ አሳየውና በማግስቱ ንጉሡን በቮልስዋገን ጭኖ ወሰዳቸው። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ያው ደርግ ሰሜኑ እየተራበ የአብዮት በዓሉን ሲደግስ ሬዲዮናችን ስለ ሰልፉ ነው የነገረን። የኮረምን ረኃብተኛ ዓለም ያየው በጥቅምት 1977 የውጭ ካሜራ ሲደርስ ነው።

በ1993 ደግሞ የጃንሆይ አፅም ሥላሴ ሲያርፍ አለቀሱ። ጨርቃ ጨርቁንም ፖሊውንም ያሠሩልን እርሳቸው ናቸው አሉ። ልክ ነዎት። በተረገሙበትም ዓመት ግን ያሠሯቸው እርሳቸው ነበሩ።

አሁን ተራው የመንግሥቱ ሆነ። ይገባኛል፤ የዛሬው ኑሮ ሲከፋ ያለፈውን በጤፍ ዋጋ እንመዝነዋለን። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ትል ነበር እናታችን። ያ ሰውዬ እንኳ አልሞተም፤ ሐራሬ ተቀምጦ አንገቱ ይረዝምለታል። የወንድም ጋሼን አንገት ማን አስረዘመለት? ከየካቲት 1981 ወዲህ ስሙን ከአፍዎ ሰምቼ አላውቅም። የሽሬው ውጊያ ሰሞን ሬዲዮኑን ጆሮዎ ላይ ለጥፈው «ሠራዊታችን እያሸነፈ ነው፣ ይመጣል» ይሉን ነበር። ከአፈሳው በፊት እናታችን ልጄ ዘጌ፣ ከአጎቴ የቡና ማሳ ውስጥ ይደበቅ ብላ እግርዎ ላይ ስትወድቅ «የእናት አገር ጥሪ ሲባል አልሰማሽም?» ያሏት እርስዎ ነዎት። በር ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። ሕፃን ናት ብላችሁ ነው መሰለኝ ዝም ያላችሁኝ።

እህቴ እዚህ ላይ ዘልላ ብታልፍ ድምፅዋ ያስታውቅባታልና ያስደግሟት።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስግደቱን ለጊዜው ይተዉት፤ ንስሐ አባትዎን እኔ አነጋግራለሁ። ጎንበስ አይበሉ፣ ዓይንዎን በጋቢ ጫፍ አይጥረጉ፣ ቡና ሲቆላ ጭሱ አጠገብ አይቀመጡ። ጠብታውን ሰዓቱን ጠብቃ እህቴ ትጨምርልዎ፤ እርስዎ «ተሽሎኛል» ብለው እንደሚያቆሙት አውቃለሁና። በመኪና እመለሳለሁ እንዳይሉ፣ መንገዱ አያስተማምንም። የአውሮፕላን ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። ገንዘብ ካነሰ ሳትደብቁ ንገሩኝ።

የተቀረጸውን አላስጠፋሁትም። ልጁ ሲመለሱ ቀጣዩን ክፍል ሊቀርጽ አስቧል። አጎቱ ምን ይወድ እንደነበር፣ እንዴት ይስቅ እንደነበር እንዲጠይቅዎ ነግሬዋለሁ። ይመልሱለት። እምቢ ካሉ የምነግረው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ዘጌንም ሳልተው ነው የምነግረው።

ልጅዎ