ሁለት ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ዲቫይደር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ሲስተም የለም» የሚባለው ሁሉ የኔትወርክ ጣጣ አይደለም። አንዳንዴ ነገሩ ያለው ሲስተሙን ከሚያሠራው ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጀርባ ነው። ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ (ከገመዱ ኃይል ተቀብሎ ለሰርቨሩ የሚያቀርብ ክፍል) እንዲኖረው በጨረታ ሰነዱ ተጠይቆ፣ ተከፍሎበት ይገባል። ከዚያ ሁለቱም ገመዶች አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰካሉ፤ ዲቫይደሩ ደግሞ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ። እንዲህ ሲሆን ሁለተኛው ፓወር ሰፕላይ የሚጠቅመው አንደኛው ራሱ ሲቃጠል ብቻ ነው። ዩፒኤሱ ቢበላሽ፣ ብሬከሩ ቢወርድ ወይም ዲቫይደሩን እግር ቢጠልፈው ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ።

ትክክለኛው አንዱን ገመድ አንድ ዩፒኤስ ላይ፣ ሌላውን ሌላ ዩፒኤስ ላይ መሰካት ነው፤ ዩፒኤሶቹም የየራሳቸው ብሬከር ይኑራቸው። በጀቱ ለአንድ ዩፒኤስ ብቻ ከበቃ ሁለተኛውን ገመድ በስታቢላይዘር በኩል ከግድግዳ ሶኬት ያግኙ። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ይይዛል፤ ዩፒኤሱ ሲበላሽ መብራቱ ይይዛል። ዩፒኤሱ ግን ሙሉውን ጭነት ብቻውን የሚችል መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ነው። ባለ 750 ዋት ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰርቨር 900 ዋት ቢወስድ፣ እያንዳንዱ 450 ተሸክሞ አረንጓዴ እያበራ ይውላል። አንዱ ሲወጣ 900ው በሙሉ በቀሪው ላይ ያርፋል። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ቀንሶ ለመትረፍ የሚሞክር ሰርቨር አለ፤ ካልሆነለት ይዘጋል። ዩፒኤስም እንዲሁ ነው፦ ሁለቱም 60 በመቶ ካሳዩ አንዱ ሲሞት ሌላው 120 ሊሸከም ነው። ከ40 ባያልፉ ይመረጣል።

እንደ ዴል ኤም1000ኢ ያለ ስድስት ፓወር ሰፕላይ የሚይዝ የብሌድ ቻሲስ (ብዙ ቀጫጭን ሰርቨሮች የሚሰኩበት ሳጥን) ሲሆን ሦስቱ በአንድ መስመር፣ ሦስቱ በሌላ ይሰካሉ። ገመዱ ብቻውን አይበቃም፤ በማኔጅመንቱ (በቻሲሱ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) ውስጥ የተመረጠው አንድ ፓወር ሰፕላይ ሲወጣ ብቻ የሚያድነው ትርፍ ሳይሆን የመስመር ትርፍ፣ ማለትም አንዱ መስመር በሙሉ ሲጠፋ የሚያድነው መሆኑ ይታይ።

አንድ ክፉ ነገር አለ፦ አንዱ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ሰርቨሩ ስለማይቆም ማንም ልብ አይለውም። ቢጫ መብራቱ ለወራት ይበራል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በኢሜይል እንዲደርስ ሰርቨሩን ከርቀት መከታተያ በሆነው አይድራክ (ዴል) ወይም አይሎ (ኤችፒ) ላይ ይስተካከል።

የመጨረሻው ፍተሻ ገመድ መንቀል ነው። ባክአፕ ከተያዘ በኋላ፣ ተገልጋይ በሌለበት ሰዓት፣ ሰርቨሩ እየሠራ አንዱን ነቅሎ 15 ደቂቃ መጠበቅና የሌላውን ዩፒኤስ ጭነት ማንበብ። ከዚያ መልሶ መሰካት፤ ሁለቱም አረንጓዴ ሳይሆኑ ግን ሁለተኛው አይነካም።

ከአንድ የሲስተም አድሚኒስትሬተር፣ አዲስ አበባ