በባሕር ዳር ሕፃናትን አብረውኝ ላስታመሙ ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ተወልጄ ባደግሁባት ባሕር ዳር፣ ከውጭ አገር ከመጣ የበጎ ፈቃድ የቀዶ ሕክምና ቡድን ጋር፣ ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሕፃናትን በነርስነት ሳገለግል ሰንብቼ ወደምኖርበት አገር ተመልሻለሁ። በመሸኛው ዕለት ምስጋናው ሁሉ ለእኛ ለእንግዶቹ ብቻ ስለቀረበ፣ ያን ዕለት ሳልናገረው የቀረሁትን አሁን በጽሑፍ ማድረስ ይገባኛል።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው የክፍሉን የሌሊት ተረኛ ሲስተር ነው። ምክንያቱን ለመናገር ግን የራሴን ጥፋት መግለጥ ይኖርብኛል። ሰመመን የሚሰጠው ሕፃን ሆዱ ባዶ መሆን አለበት፤ አለዚያ ራሱን ሳያውቅ ሲያስመልሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሰመመኑ ሊሰጥ ምግብ 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቋረጣል። እኔ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልዬ፣ ማክሰኞ ማታ ለእናቶቹ «ልጆቹ ነገ ይጾማሉ» አልኋቸው። ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጡ አንዲት እናትም፣ የ2 ዓመት ልጅ እንደማይጾም እያወቁ፣ ሐኪም ካዘዘ ምን ይደረጋል ብለው ወተቱን ከለከሉትና ማለዳ ሽሮ ፍትፍት አብልተው አመጡት። ቀኑም ረቡዕ ነበር፤ እንዴት ይፈረድባቸዋል? ቃሉን ከሆስፒታል ወረቀት ላይ ስይዘው፣ በእናቴ ቤት ምን ማለት እንደነበረ ረስቼው ኖሯል።

ቀዶ ሕክምናው ለማግስቱ ተላለፈ። ሲስተር አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም፤ ማታ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ «ከእራት በኋላ እህል በአፉ እንዳይዞር፤ ጡት የሚጠባው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ይጥባ፤ አንቺ ተኚ፣ እኔ እቀሰቅስሻለሁ» እያሉ አስረዱ። ጨቅሎቹ ቀድመው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስለሚገቡ፣ ልክ በ9 ሰዓት መጥተው እናቶቹን አንድ በአንድ ቀሰቀሱ። በጎ ፈቃደኛ የተባልነው እኛ ያን ሰዓት በሆቴላችን ተኝተን ነበር።

5 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በመላ አካሉ ያለው ደም 400 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ግማሽ ሊትር ከምትይዘው የውኃ ፕላስቲክ ያነሰ መሆኑን እያሰቡ ደም የነካውን ጎዝ ሁሉ ሲቆጥሩ የዋሉትን የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሶች፣ ልጆቹ ስፌቱን በጣታቸው እንዳይነኩት ከካርቶን የክርን መደገፊያ ቆርጠው ያዘጋጁትን የጽዳት ሠራተኛ፣ እንዲሁም ቀኑ ሲተላለፍ ከደቅ የመጡትን እናት ሌላ ሒሳብ ሳይጠይቁ በሌላ ቀን የመለሱትን የጀልባ ነጂ ከልብ አመሰግናለሁ። ያቺን እናትም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጃቸው ሐሙስ ከንፈሩ ተሰፍቶ ከሰመመኑ ሲነቃ፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ «አሁንስ ጾሙን ይፍታ?» ብለው ነው፤ ሲስተር ከኋላዬ ሆነው እስኪያነቡ ሳቁ።

የከንፈር ስፌት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት የታከሙት ልጆች ስፌት ሳይወጣ እኛ አውሮፕላን ላይ ነበርን። ቁስሉን ያጠቡት፣ ክሩን ያወጡት፣ እናቶችን ስለ አመጋገብ የመከሩት እዚያው የቀሩት ነርሶች ናቸው፤ ላንቃቸው ገና ያልተሰፋላቸውን ሕፃናት ቀጠሮ የያዘውም መዝገብ በእነርሱ እጅ ነው። በቡድናችን ፎቶግራፍ ላይ ግን ከእነርሱ አንዳቸውም የሉም፤ ይህ ቅር ብሎኛል።

ቡድናችን ለእናቶች በሚሰጠው የአማርኛ ወረቀት ላይ «ይጹም» የሚለው ቃል ተሰርዞ የሲስተር አነጋገር እንዳለ ገብቷል። ስማቸው ከሥሩ እንዲጻፍ ጠይቄያቸው ነበር፤ «የ9 ሰዓቷን ብቻ እንዳትረሱ» ብለው መለሱልኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በነርስነት ያገለገለች የባሕር ዳር ልጅ