ለደብረ ማርቆስ ሴት ልጆች የ15 ኪሎ የክብደት ማንሻ ባር ይገዛልን

ግልጽ ደብዳቤ
ለአማራ ክልል ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ሴቶች ክብደት ማንሳት ነው። ጊዜው እንዴት ያለ እንደሆነ አላጣሁትም። ጎጃም ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በዚህ መሃል ስለ ብረት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ነገሩ የባሰ ያንገበገበኝ ልጆቹን ቤት ተቀምጠው ሳያቸው ነው።

አንዲት ተማሪ አለችኝ። አጭር ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው። ሩጫ ላይ መጨረሻ ከሚገቡት ናት። ስለዚህ ማንም ስፖርተኛ ብሎ አይቆጥራትም። እኛ ሀገር ስፖርት የሚችል ልጅ ማለት የሚሮጥ ልጅ ነዋ! ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘቻቸው የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የሩጫ ናቸው። እንኮራባቸዋለን። ግን ፈጣሪ ሁሉንም ልጅ ለሩጫ አልፈጠረም።

ይህች ልጅ ብረት ስትይዝ ሌላ ሰው ትሆናለች። የምትለማመደው ሰፈር ውስጥ ጎረምሶቹ በሚገፉት ዓይነት ነው። አንድ ፌሮ፣ ሁለቱ ጫፍ ላይ የቀለም ጣሳ፣ ጣሳው ውስጥ ሲሚንቶ። እጇን እንዳያንሸራትታት የጠመኔ ዱቄት ትቀባለች። ቁጢጥ ትላለች፣ ወገቧን ቀጥ ታደርጋለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ከዚያ ብድግ!

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የውድድር ባር፣ ማለትም ክብደቶቹ የሚሰኩበት ዘንግ፣ ጫፎቹ ይሽከረከራሉ። ብረቱ ከመሬት ተነስቶ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ለብቻው ይዞራል፣ የእጅ አንጓን አይጠመዝዝም። ፌሮ ከነጣሳው አይዞርም። ጣሳዎቹም እኩል አይመዝኑም፤ አንዱ ወገን ሁልጊዜ ይጎትታታል። ስለዚህ ከደረቷ በላይ እንዳታነሳ ከልክያታለሁ። መሥራት የምትችልን ልጅ «በቃሽ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጂምስ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። አንዱ ጋ ይዣት ሄጄ ነበር። ባለቤቱ «ለሴቶች ኤሮቢክስ አለን» ብሎ መለሰን። ባሩም የወንዶቹ ነው፣ ባዶውን 20 ኪሎ። የሴቶች የውድድር ባር 15 ኪሎ ነው፤ ለእጃቸው እንዲመችም ቀጠን ይላል። ለጀማሪ ልጅ 5 ኪሎ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሴቶች ብረት ማንሳታቸው አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ1987 እንደ ፈረንጆቹ ነው። በ2000 ሲድኒ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ናይጄሪያዊቷ ሩት ኦግቤይፎ በ75 ኪሎ ምድብ የብር ሜዳሊያ አገኘች። ሕንዳዊቷ ሚራባይ ቻኑ ደግሞ በቶኪዮ ኦሎምፒክ 49 ኪሎ ምድብ ውስጥ ነበረች። ክሊን ኤንድ ጀርክ በሚባለው፣ ብረቱ መጀመሪያ ትከሻ ላይ አርፎ ከዚያ ወደ ላይ በሚገፋው ስልት፣ 115 ኪሎ ከራሷ በላይ አቆመች። አንድ ኩንታል ጤፍ ላይ ሌላ 15 ኪሎ ጨምሩበት። 50 ኪሎ የማትሞላ ሴት! የእኔ ተማሪ አጭር መሆኗ ጉድለት ያልሆነው ለዚህ ነው። ውድድሩ በኪሎ ምድብ የተከፋፈለ ነውና ለቀጭኗም ለወፍራሟም ቦታ አለው።

ከሁሉም ግን የግብፃዊቷ የሳራ አህመድ ታሪክ ቢጠና ደስ ይለኛል። ከዓባይ ታችኛው ጫፍ የበቀለች ልጅ ናት። በ2014 በወጣቶች ኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። በ2016 ሪዮ ላይ ገና በ18 ዓመቷ በ69 ኪሎ ምድብ በሁለቱ የማንሳት ስልቶች በድምሩ 255 ኪሎ አንስታ ነሐስ አገኘች። ለዚያ ውድድር ስትዘጋጅ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ አምልጧታል። ቶኪዮ ላይ ጭራሽ አልተሳተፈችም። ሌሎች አንሺዎች በአበረታች መድኃኒት ተይዘው የሀገሯ ፌዴሬሽን ታግዶ ስለነበር ነው። ምርጥ ዓመቶቿ በሰው ጥፋት ተበሉባት። ያም ሆኖ ፓሪስ 2024 ላይ በ81 ኪሎ ምድብ በድምሩ 268 ኪሎ አንስታ ብር ይዛ ወጣች።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የአንድ ቢሮ ሥራ ሁሉ አለ። ልጅቷን ገና በአፍላነቷ ማግኘት። የ12ኛ ክፍል ፈተናና የውድድር ካምፕ እንዳይጋጩ ከትምህርት ቢሮ ጋር ቀድሞ መነጋገር። አበረታች መድኃኒትን ደግሞ ከመጀመሪያዋ የልምምድ ቀን ጀምሮ ማስተማር። በዚህ ስፖርት ከመድኃኒት በላይ ጠላት የለም፤ የአንዱ ቅሌት ለሁሉም ይተርፋል።

የቤተሰብ ጥያቄም አለ። እናቶች መጥተው «ቁመቷ ይቀራል፣ ማህፀኗ ይጎዳል» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም፣ ለልጃቸው ነው የሚሰጉት። በሠለጠነ ሰው እጅ፣ በደረጃ ከተሠራ ቁመት እንደሚያስቀር ማስረጃ የለም። በዘፈቀደ ከተሠራ ግን አደጋ አለው፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ልብሱን የሚፈሩም አሉ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ የዓለም ክብደት ማንሳት ፌዴሬሽኑ ሰውነትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ልብስ ፈቅዷል።

«የጎጃም ሴት ድሮም ጠንካራ ናት፣ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ትወጣ የለ!» የሚሉኝም አሉ። ለማመስገን ነው፣ ይገባኛል። ግን ሸክም ስፖርት አይደለም። ሸክም ማንም ሳይቆጥርላት፣ ሳታርፍ፣ በየቀኑ ወገቧን የሚበላ ነገር ነው። ክብደት ማንሳት አሠልጣኝ አለው፣ ዕረፍት አለው፣ ምግብ አለው፣ ስሟ ተጠርቶ የምትወጣበት መድረክ አለው። ሸክሟን አድንቀን መድረኩን ከነፈግናት ምኑ ላይ ነው ያከበርናት?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የታዳጊዎች ፕሮጀክት ሲታቀድ የሴቶች ክብደት ማንሳት ጎጃም ውስጥ አንድ ጣቢያ ይኑረው። ደብረ ማርቆስ ቢሆን ይሻላል፤ ከቢቸናም ከደጀንም ከፍኖተ ሰላምም ልጆች ሊመጡ ይችላሉ። የሴቶች ባር፣ የጎማ ክብደቶች፣ 4 በ4 ሜትር የእንጨት መድረክ። ስልቱን የተማረ አሠልጣኝ፣ ከተቻለ ሴት። ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የስፖርት ሳይንስ መምህራኑ ስልጠናውን ቢያግዙ መልካም ነው።

ክፍል አለን። ያገለገሉ ዴስኮች የተቆለሉበት ሰፊ መጋዘን ነው፣ ልጆቹ ራሳቸው እናጸዳዋለን ብለዋል። ባለሙያ ልካችሁ ወለሉን አስለኩልን፣ ብረቱን ይችል እንደሆነ ይንገረን። ከዚያ በኋላ ስላለው እንነጋገራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፖርት መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ