ሆስተስን የዘጋው አድማው ብቻ ነው?

ለአዘጋጁ፦ ትዊንኪ የሚባለውን ኬክ ይሰራ የነበረው የአሜሪካው ሆስተስ እ.ኤ.አ. በ2012 የተዘጋው በጋጋሪዎቹ ሰራተኛ ማህበር አድማ ነው የሚለው ነገር አሁንም ሲደጋገም ስለማይ ነው የምጽፈው። አድማው ኖቬምበር ላይ ነው፣ ካምፓኒው ግን ኪሳራ ውስጥ ነኝ ብሎ ፍርድ ቤት የሄደው ጃንዋሪ ላይ ነው፣ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ፣ የመጀመሪያው በ2004 በድሮ ስሙ ነበር፣ በመሀል ስንት አለቃ ተቀያየረ ዕዳው ግን አልተቃለለም። በ2011 የሰራተኛውን የጡረታ መዋጮ መክፈል ያቆመውስ ማን ሆነና?

ማህበሩ ምንም አላጠፋም እያልኩ አይደለም፣ የሾፌሮቹ ማህበር ቲምስተርስ እያረረም ቢሆን ካምፓኒው የጠየቀውን የደመወዝና የጥቅማጥቅም ቅነሳ ተቀብሎ ነበር። ግን 18,500 ገደማ ሰው ስራ እያጣ መዝጊያውን ለሚያስፈጽሙ ኃላፊዎች በድምሩ እስከ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ ፍርድ ቤት ፈቀደ፣ ለመዝጋት ጉርሻ በሉት!

ስለዚህ የአሜሪካ የኪሳራ ህግ ላይ ያልተከፈለ የጡረታ መዋጮ ሳይወራረድ ለኃላፊ ቦነስ አይፈቀድም የሚል አንቀጽ ይግባ፣ እናንተም ስለ አድማ ስትጽፉ የአለቆቹን ክፍያ እዛው ጎኑ አውጡት።