አጥሩ ማዶ ያለውን ቁጥቋጦ ማን ያጽዳው?

ለካውንቲያችን የእሳት መከላከያ ቢሮ ኃላፊ

ይህንን አቤቱታ በእንግሊዝኛ ደጋግሜ ልኬልዎታለሁ። ያገኘሁት መልስ «ደርሶናል» የሚል ብቻ ነው። አሁን በአማርኛ ያወጣሁት እንደኔው ካሊፎርኒያ ጫካ ዳር ቤት የገዙ ወገኖች እንዲያውቁት ነው።

ሕጉን ለእርስዎ አላስረዳም። ከቤት ዙሪያ እስከ 100 ጫማ ድረስ ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ ይጸዳል፤ የባለቤቱ ወሰን ላይ ሲደርስ ግን ግዴታው ያበቃል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ሰመር ኢንስፔክተርዎ ጎረቤቴ ቤት መጣ። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አዛውንት ናቸው። ግድግዳ ተደግፎ የተከመረ ማገዶ አገኘና ማስጠንቀቂያ ጻፈባቸው። ልክ ነው፣ ማገዶው እዚያ መሆን አልነበረበትም። ሰው ቀጥረው አስነሱት። አሸንዳውን አስጠረጉ፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ አስቆረጡ። ሁሉንም ከጡረታቸው ነው የከፈሉት።

ከግድግዳቸው 20 ጫማ ራቅ ብሎ አጥር አለ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ባዶ መሬት የካውንቲው ነው። የደረቁ ጥዶች ወድቀው ተደራርበውበታል፤ ቁጥቋጦው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ኢንስፔክተሩን ወስጄ አሳየሁት። «እሱ እኔን አይመለከትም» ብሎኝ ሄደ።

ብርዱ ሲገባ ኢንሹራንሳቸው ውሉን አላድስም አለ። አሁን ያላቸው ሌላው ሁሉ እንቢ ሲል የሚገባበት ፌር ፕላን ነው። ዋጋው ጨምሯል፣ የሚሸፍነው ግን ቀንሷል። የታዘዙትን ሁሉ የፈጸሙ ሴት ናቸው እኮ!

እ.ኤ.አ. በ2018 የካሊፎርኒያዋን ፓራዳይስ ከተማ ባወደመው ሰደድ እሳት 85 ሰው ሞቷል። ነፋስ የእሳት ፍንጣሪን ከአንድ ማይል በላይ ይዞ እንደሚሄድ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ታዲያ 20 ጫማ ምን ያስጥላል? ከግድግዳ 5 ጫማ ድረስ የሚቀጣጠል ነገር እንዳይኖር የሚለው የ2020 ሕግ ዝርዝር ደንቡ እስከ ጃንዋሪ 2023 እንዲወጣ ያዝ ነበር። ደንቡ ሳይወጣ ቀኑ አለፈ፣ ማንም አልተቀጣም። ለጎረቤቴ የተሰጣቸው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነበር።

መሬታችሁን አጽዱ። በጀት የለንም ከተባለ፣ አጥሩ ጥግ ያለውን እኛ ጎረቤቶች እንድናጸዳው ፈቃድ ስጡን፤ ይህንንም ጠይቀን መልስ አላገኘንም። የእሳቱ ወቅት ሳይገባ የሚጸዳበትን ቀን በጽሑፍ እንፈልጋለን፤ ፊርማዎ ያለበት።